ተመልሶ የሚያንኳኳ ጥናት

መጠይቁን አስሞልቶ የሚጠፋ አጥኚ ብዙ ነው፤ እኔ የምወደው ተመልሶ የሚመጣውን ነው። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ 20 ቦታዎች 3,000 ያህል ልጆችን መዘገበ። 2,000ዎቹ ገና ጨቅላ ነበሩ፤ ሌሎቹ ስምንት ዓመት ገደማ። ከዚያ በየጥቂት ዓመቱ እነዚያኑ ልጆች ካሉበት ፈልጎ ቁመታቸውን ለካ፣ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ሥራቸው፣ ስለ ቤተሰባቸው ጠየቀ። ኮቪድ በር ሲያዘጋ ስልክ ደወለ። ጨቅላዎቹ ዛሬ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ወልደው የሳሙም አሉ።

ድርቅ ወይም የአባት ሞት ልጅን ቀስ በቀስ ከትምህርት ገበታ እንዴት እንደሚያርቀው በአንድ ቀን ጉብኝት አይታይም። ከብት ጥበቃ የዋለውን ልጅ «ትምህርት ጠላ» ከማለት በፊት የእናቱን ጓዳ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። ይህን ትዕግሥት ከልቤ አከብራለሁ።