የመካከለኛዋ ሥዕል ዋጋ

አኒሜሽን መማር የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ሶፍትዌር ነው፤ የጃፓኑ ስቱዲዮ የኪዮቶ አኒሜሽን ገጸ ባሕርያት እንዲህ ነፍስ ዘርተው የሚንቀሳቀሱት በምን ተሠርተው ነው? ይላል። መልሱ ያለው ከሒሳብ ክፍሉ ነው። ስቱዲዮው ሠዓሊዎቹን በወር ደመወዝ ቀጥሮ ያሠራል፤ በጃፓን ግን በሁለት ቁልፍ ሥዕሎች መካከል ያሉትን የሚሥለው ባለሙያ በተለምዶ የሚከፈለው በሥዕል ብዛት ነው። የእንቅስቃሴው ውበት ከዚህ ልዩነት የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውንና ያማዳ ናኦኮ ያዘጋጀችውን የስቱዲዮውን ፊልም «ኮኤ ኖ ካታቺ» እንይ። ሾኮ መስማት የተሳናት ልጅ ናት፤ የምትናገረው በእጇ ነው። አንድ ጣት ከቦታው ቢዛነፍ ቃሉ ይበላሻል። ስለዚህ የመካከሉን ሥዕል የሚሠራው ሰው አውራ ጣቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የእጅ አንጓው መቼ ቀድሞ እንደሚዞር፣ እጁ የት ላይ ሲያመነታ ልጅቷ እንደፈራች እንደሚታወቅ ማሰብ አለበት። በሥዕል ብዛት ለሚከፈለው ሰው እንዲህ ያለው ማሰብ ከኪሱ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ደመወዝተኛው ግን ሥዕሉን ቀዶ እንደገና ቢሥል እንጀራው አይጎድልበትም፤ ልምድ ያለው ባልደረባው አጠገቡ ተቀምጦ ቢያርመውም ሁለቱም አይከስሩም።

ሌላውን የጃፓን ስቱዲዮ ጂብሊን እያነሱ የሚሞግቱኝ አሉ። እሱም ከ1989 በኋላ ሠዓሊዎቹን ቋሚ አድርጎ ነበር፣ ግን የዳይሬክተሩ የሚያዛኪ ጡረታ በ2013 ከታወጀ በኋላ በ2014 የምርት ክፍሉን በተነ ይላሉ። ልክ ነው፤ ግን ጂብሊ የቆመው በጥቂት ትልልቅ ፊልሞችና በሁለት አንጋፋ ዳይሬክተሮች ትከሻ ላይ ነበር። ኪዮቶ አኒሜሽን ከ1981 ጀምሮ የሌሎችን ሥዕል ቀለም እየቀባ ከታች ያደገ ቤት ነው። የራሱን ማሠልጠኛ አቋቁሟል፤ ልብ ወለድም ራሱ ያሳትማል፤ ተከታታይ ፊልሙ «ቫዮሌት ኤቨርጋርደን» ከእነዚህ ልብ ወለዶች የወጣ ነው። ደመወዙን የሚሸከም መሠረት አስቀድሞ ጥሏል። በነጻ ውል የሚሠሩ ድንቅ ሠዓሊዎች አሉ የሚለውንም አልክድም፤ እነሱ ግን ስም ስላላቸው በዋጋ ይደራደራሉ። ጀማሪው በምን ይደራደር?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 2019 አንድ ሰው የኪዮቶ አኒሜሽንን ስቱዲዮ በእሳት አጋይቶ 36 ባለሙያዎች ሞቱ። ይህን ለክርክር ማንሳት ይከብደኛል፤ ግን አብረው የቆዩ ባልደረቦች አንዱ የጀመረውን ሌላው እንዴት እንደሚቀጥል ያሳያል። ከሟቾቹ አንዱ ዳይሬክተሩ ታኬሞቶ ያሱሂሮ ነበር። እሱ የጀመረው «ሚስ ኮባያሺስ ድራገን ሜይድ» ሁለተኛ ክፍል በ2021 ሲቀርብ ዳይሬክተሩ የረጅም ጊዜ ባልደረባው ኢሺሃራ ታትሱያ ነበር፤ የታኬሞቶም ስም በተከታታይ ፊልሙ ዳይሬክተርነት አብሮ ተጽፏል።