ወከባና ብዕር፦ «ኦሮማይ»ን ዳግም ስናነብ

በዚህ አጭር ሐተታ የምንመረምረው የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ብዙው አንባቢ ልብ ወለዱን እንደ ምስጢር ማውጫ ተመልክቶታል፤ ይህ ገጸ ባሕርይ የትኛው ባለሥልጣን ነው እያለ ይጠይቃል። ይህ አነባበብ መጽሐፉን የሚያሳንሰው ይመስለናል። የ«ኦሮማይ» ዋና ጉዳይ ወከባ ነው፤ ሰው ማሰቢያ ጊዜ ተነፍጎ እንዴት በዘመቻ እንደሚነዳ ያሳያል።

ታሪኩ የተመሠረተበት የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ በጥር 1974 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ሲታወጅ፣ የኤርትራ ጦርነት ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። ሃያ ዓመት ያልፈታውን በወራት ለመፍታት ታሰበ። ተራኪው ጋዜጠኛ ፀጋዬ ኃይለማርያም የዚህ ጥድፊያ ተመልካች ብቻ አይደለም፤ የፕሮፓጋንዳው ኃላፊ ነውና ከበሮውን የሚመታው እርሱ ራሱ ነው። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበረው በዓሉ ይህን ከበሮ ከውስጥ ያውቀዋል። ስለዚህም ስብሰባው፣ ግብዣውና መፈክሩ በአንድ ትንፋሽ ይሮጣሉ። ፀጋዬ አዲስ አበባ የተወትን እጮኛውን ሮማንን ዘንግቶ በፊያሜታ ፍቅር የሚወድቀውም በዚያው ሩጫ ውስጥ ነው።

የፍቅሩና የስለላው ታሪክ መጽሐፉን አቅልሎታል የሚል ትችት አለ። እኛም በወጣትነታችን እንዲሁ እናስብ ነበር። ትችቱ ከፊል እውነት አለው፤ ፊያሜታን የምናያት በፀጋዬ ዓይን እንጂ በራሷ አይደለም። የአጻጻፉ ጥድፊያ ግን የጉዳዩ መልክ ነው። አንባቢም ከተራኪው ጋር ይሰክራል፤ ነቅፋ ተራሮች ሥር ሲደርስም አብሮት ይነቃል። ነቅፋ አልተያዘችም። አሥመራ ከጣልያንኛ የወረሰችው የርእሱ ቃልም አበቃ፣ አከተመ ማለት ነው።

ግርግር ለሌባ ያመቻል ይላሉ አበው። በዓሉ የሚያሳየን ተጋፊውም ራሱ እንደሚዘረፍ ነው፤ ፀጋዬ የተዘረፈው ፍርዱን ነው።

ይህን የምንጽፈው ከቶሮንቶ፣ ከፓርክዴል ሰፈር ነው። የትግራይ ጦርነት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረበት አንሥቶ የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. እስከተፈረመበት ድረስ፣ ከጦር ሜዳው ባሕር ተሻግረን የምንኖር ምሁራን መፈክር ስንቀባበል ሰነበትን። ከስብሰባዎቻችን በአንዱ አንድ አዛውንት ተነሥተው «ለመሆኑ የሞተው ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ጭብጨባ ድምፃቸውን ዋጠው። እኛም አብረን አጨበጨብን።

ያን ማታ ቤታችን ገብተን «ኦሮማይ»ን ከመደርደሪያው አወረድን። ባለሥልጣኖቹን ፍለጋ ያነበብነውን መጽሐፍ፣ በዚያ ሌሊት ራሳችንን ፍለጋ አነበብነው። ፀጋዬ ቢያንስ ያየውን ተርኳል። የአዛውንቱን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ከመካከላችን መልሶ ያነሣው የለም።