ስም የሌለው ክምር

ጉለሌ ጴጥሮስ ወጳውሎስ መካነ መቃብር ለቀስተኛ ሸኝቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። እዚያ ድንጋዩ ይናገራል፤ ስም፣ የልደትና የዕረፍት ዘመን፣ ፎቶግራፍ። ለመሆኑ በመቃብሩ ላይ ምንም ያልጻፈ ሕዝብ ሙታኑን አላከበረም ማለት ነው?

ይህን ያሰኘኝ ፎቬል-ኤማርና ፑዋሶኒዬ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በ2012 እ.ኤ.አ. ስለ ሻይ ባህል ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። (ሻይ ስል የሚጠጣውን አይደለም፤ ወንዙን ነው።) ነገሩ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በመንዝና በአካባቢው ደጋ ስለተሠሩ፣ ከድንጋይና ከአፈር ስለተከመሩ የመቃብር ጉብታዎች ነው።

የመጽሐፉ ጉልበት ያለው ከሙታኑ ጋር የተቀበረውን ዕቃ ሲያነብ ነው። ሸክላው የተወለወለ፣ ጥቁር ነው። ይበልጥ የያዘኝ ግን ዶቃው ነው። ከመካከሉ በህንድ ውቅያኖስ ንግድ የመጣ የብርጭቆ ዶቃ አለ። ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ፣ በረሃ አቋርጦ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ መንዝ ላይ ከአንድ ሰው አንገት ደርሷል። እንግዲህ የደጋው ሰው ከዓለም ተነጥሎ ኖረ የምንለው ተረት እዚህ ላይ ይሰነጠቃል።

ዘመኑንም ልብ ይሏል። እኛ ክምር ድንጋይ ስናይ «ቅድመ ታሪክ» ብለን እናልፋለን፤ ወይም ለግራኝ እንሰጠዋለን። በ1980 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገባቸው የጢያ ትክል ድንጋዮች ዛሬም «የግራኝ ድንጋይ» ይባላሉ፤ ግራኝ የሞተው በ1543 እ.ኤ.አ. ሲሆን መቃብሮቹ ግን በመቶዎች ዓመታት ይቀድሙታል። የመንዙም እንዲሁ ነው። ላስታ ላይ አለት ሲፈለፈል፣ በ1270 እ.ኤ.አ. ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ፣ በዚህ ደጋ ሰው ከነጨሌው በጉብታ ሥር ይቀበር ነበር።

ከደራሲዎቹ ጋር የምጣላው በመጽሐፉ ንዑስ ርእስ ነው፤ ባለ ጉብታዎቹን «አረማውያን ልሂቃን» ይሏቸዋል። አረማዊ የሚለው ቃል ሰዎቹ ክርስቲያንም እስላምም እንዳልነበሩ ይነግረናል፤ ምን እንደነበሩ ግን አይነግረንም። የጎረቤት ስድብ ነው፤ ያውም ብዕር የያዘ ጎረቤት። ደራሲዎቹ በውስጥ ገጾች ሸክላውንና አቀባበሩን አይተው ሰዎቹ ምን እንደነበሩ በትዕግሥት ያሳዩናል፤ ሽፋኑ ላይ ሲደርሱ ግን የጎረቤቱን ቃል ይውሰዳሉ። ለባህሉ ከወንዙ ስም መዋስ ካወቁበት፣ ለሰዎቹስ ምን ከለከላቸው?

ሌላው ቅሬታዬ በደራሲዎቹ ላይ አይደለም። መጽሐፉ በፈረንሳይኛ ነው። ለካብ ድንጋይ የሚፈልግ ገበሬ ማሳው ዳር የተዘጋጀ ክምር ቢያገኝና ቢያነሣ ምን ይፈረድበታል? ድንጋዩ ተነሥቶ ዶቃው ከቦታው ከወጣ፣ ከየት እንደመጣ መመርመር ይቻል ይሆናል፤ በማን አንገት፣ ከማን አጠገብ እንደነበረ ግን መልሶ ማወቅ አይቻልም። ሙሉው ቢከብድ እንኳ የመቃብሮቹ መግለጫ ከነሥዕሉ በአማርኛ ይውጣ፤ መጀመሪያም መንዝ ለሚያስተምረው የታሪክ መምህር ይድረሰው።