የማይታረም እንግዳ
በጎ ፈቃደኞች ተማሮች ስለሚሰጡት የጤናና የእንግሊዝኛ ትምህርት የቀረበ ሂስ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት በአዲስ አበባ ደቡብ ጠርዝ ወደምትገኘው ወደ ፉሪ ተመላልሰን፥ ከውጭ አገር የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሮች ለሠፈሩ ሕፃናትና እናቶች የሚሰጡትን ትምህርት ተመልክተን ነበር። የላካቸውን ማኅበርም ሆነ የሰዎቹን ስም አንጠራም፤ ሂሳችን በሥራው ልማድ ላይ እንጂ በሰዎቹ ላይ አይደለምና። ደግሞም እነዚያ ወጣቶች ደጎችና ትጉዎች እንደ ነበሩ አስቀድመን መመስከር ይገባናል።

ፉሪን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ባጭሩ ለማስረዳት ያህል፥ ሠፈሪቱ በፉሪ ተራራ አቅራቢያ ያለች፥ የእርሻ መሬት የነበረው ስፍራ በየጊዜው ወደ መኖሪያ ቤት የተለወጠባት ናት። ከጅቡቲ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚቆምበት የፉሪ ለቡ ጣቢያም ከዚያው አካባቢ ነው። የቆዩት ቤተ ሰቦች በብዛት አፋን ኦሮሞ ይናገራሉ፤ በኋላ የመጡት ደግሞ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰቡ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ጓሮ ሁለትና ሦስት ቋንቋ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም።

ትምህርቱ ለሦስት ሳምንት የሚቆይ ሆኖ፥ ጧት እንግሊዝኛ ከሰዓት በኋላ ጤና ይሰጥ ነበር። በእንግሊዝኛው ክፍል የተማሩት የቀለማትና የአካል ክፍሎች ስም ነው። ዐሥር ዓመት ያህል የሚሆናት አንዲት ልጅ ስትጠየቅ ጥቂት አስባ፥ እንደሚገምት ሰው ሆና ትመልስ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ቀርበን ብናነጋግራት፥ ይህንኑ ትምህርት ዓምናና ካቻምና ከመጡት ሌሎች እንግዶች ተምራ ጠንቅቃ እንደምታውቀው ነገረችን። ታዲያ ለምን ቶሎ አትመልሺም ብንላት፥ «ከሩቅ አገር ነው የመጡት፤ እናውቀዋለን ብንል ቅር ይላቸዋል» አለችን። በዚያው ሳምንት መጨረሻ መምህርቷ፥ ልጆቹ ምንም ሳያውቁ ተነሥተው በአምስት ቀን ውስጥ ቀለማቱን በሙሉ እንደ ያዙ በደስታ አጫወተችን። መምህርቷ ያየችውን ተናገረች፤ ልጅቷም ወላጆቿ ያስተማሯትን ጨዋነት ፈጸመች። ነገር ግን ከሁለቱ ደግነት የተወለደው ነገር ሐሰት ነበር።

የጤናው ክፍል ከዚህ ይልቅ ያሳስባል። ትምህርቱ ስለ እጅ መታጠብ ሲሆን፥ ከእንግሊዝኛ የሚያስተረጕመው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ የሠፈሩ ልጅ ነበር። አንዲት እናት እጃቸውን አንሥተው፥ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አንድ ጀሪካን ለሁለት ቀን እንደሚያብቃቁ ገልጸው፥ ውሃው የማይበቃ ከሆነ ከመጸዳጃ በኋላ ከመታጠብና ከምግብ በፊት ከመታጠብ የትኛውን ማስቀደም እንደሚገባ ጠየቁ። በዚያ ክፍል ከተነገረው ሁሉ ቁም ነገሩ ይህ ጥያቄ ነበር። አስተርጓሚው ግን እንግዶቹ መልስ አጥተው እንዳያፍሩ ሠግቶ ይሁን፥ ወይም ጥያቄው ረዝሞበት፥ «ስለ ትምህርቱ እያመሰገኑ ነው» ብሎ አሳጠረው። እንግዶቹም አጨበጨቡ። ይህ በቀለም ስም የተፈጸመ ቢሆን ኖሮ እንስቅ ነበር፤ ተቅማጥ በሕፃናት ሕይወት ላይ በሚፈርድበት አገር ግን የሚያስቅ አይደለም።

ስለዚህ ነገር ከተጻፉትና ከተነገሩት ሁሉ እጅግ የታወቀው፥ ኢቫን ኢሊች በሚያዝያ 1960 ዓ.ም. በሜክሲኮ፥ በኩዌርናቫካ ከተማ፥ ለአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ተማሮች ያደረገው ንግግር ነው። በጎ ሐሳብን ወደ ገሃነም በሚሰድ ርእስ የታወቀው ይህ ንግግር፥ ተማሮቹን ለመርዳት ብላችሁ አትምጡ፤ ለመጎብኘትና ለመማር ከሆነ ግን ኑ የሚል ነው። ምክንያቱን ሲያስረዳም፥ የሕዝቡን ቋንቋ የማያውቅ ረዳት ሕዝቡ ስለ እርሱ የሚያስበውን ሊያውቅ አይችልም፤ ሳያስበውም የራሱን አገር አኗኗር ሲሰብክ ይውላል ይላል። በፉሪ ያየነው የንግግሩን የመጀመሪያ ክፍል ያለ ጥርጥር ያጸናዋል።

ሆኖም በድምዳሜው ልንስማማ አልቻልንም፤ የገዛ አገራችን ታሪክ ሌላ ነገር ያስተምረናልና። በ1955 የትምህርት ዘመን መግቢያ፥ በእኛ ዘንድ ፒስ ኮር በሚል ስም የታወቀው የአሜሪካ የሰላም ጓድ፥ በሃሪስ ዎፎርድ መሪነት ወደ 280 የሚጠጉ ወጣቶችን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። እነዚህም ከመምጣታቸው በፊት በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሲሠለጥኑ አማርኛ ተምረው ነበር። አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመድበው ሁለት ዓመት ቆዩ። የሠሩት በመንግሥት ትምህርት ቤት፥ በመንግሥት ሥርዐተ ትምህርት ነው፤ ተማሮቻቸውም በመጨረሻ ለአገር አቀፍ ፈተና ይቀርባሉ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ገደማ የተማሪው ንቅናቄ ሲበረታ፥ ተማሮች የሰላም ጓድን በግልጽ ይቃወሙ ጀመር። ብዙዎች ይህን የሥራው ውድቀት አድርገው ይቈጥሩታል። እኛ ግን ከዚህ አንድ ቁም ነገር እናወጣለን፤ ይኸውም እነዚያ መምህራን ተማሮቻቸው ሊቃወሟቸው የሚችሉ መምህራን ነበሩ ማለት ነው። ሁለት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው እንግዳ መሆኑ ይቀራል፤ ሲሳሳት ይነገረዋል፤ ፈተናውም ይመሰክርበታል። የሦስት ሳምንቱ መምህር ግን እስከ መጨረሻው እንግዳ ስለ ሆነ የሚያርመው አያገኝም።

እንግዲህ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የሚለውን ተረት ጠቅሰው፥ ሥራውን ለአገሩ ልጆች መተው ነው ይሉናል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን መልካም ነበር። የአገሩ ልጅ ስንል ማንን ነው? በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሮች አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ተመድበዋል። በ1967 ዓ.ም. በተከፈተው የዕድገት በኅብረት ዘመቻም ከ50,000 የሚበልጡ ተማሮችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል። ሁሉም ያገር ልጆች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የተላኩበትን ሕዝብ ቋንቋ አያውቁም ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከጊዜ በኋላ በ15 ቋንቋዎች እንዲሰጥ የተደረገውም ሰው በማይሰማው ቋንቋ ፊደል መቍጠር አስቸጋሪ ስለ ሆነ ነው።

ይህን ስንጽፍ ራሳችንን ከሂሱ ልናወጣ አንችልም። ከአንድ ዓመት በፊት በክረምቱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደዚያው ወደ ፉሪ ሄደን ስለ ንጽሕና በአማርኛ አስተምረናል። በዕድሜ የገፉት እናቶች ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲያዳምጡን የገባቸው መስሎን ረክተን ተመለስን። ዘንድሮ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ጓደኛ ይዘን ብንጠይቃቸው፥ ከተናገርነው እኩሌታው እንኳ እንዳልደረሳቸው ሳቅ እያሉ ነገሩን። እኛም ከዩኒቨርሲቲው እስከ ፉሪ በታክሲ ሄደን የውጭ አገር ሰዎች ሆነን ኖሯል።

ታዲያ የተሻለው መንገድ ምንድን ነው? ምሳሌው ከአገራችን አልጠፋም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፥ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ እያወጣ፥ በሕዝቡ መካከል ሲያሠለጥን ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት መደበ፤ ቈይቶም ለከተማ ሲዘረጋ በነርስነት የሠለጠኑ ተመደቡበት። የእነዚህ ሴቶች ሥራ ብዙ ነው፤ ጕድለትም አያጣውም። ነገር ግን ያስተማረችው ትምህርት ካልሠራ፥ ባለቤቲቱ በገበያ መንገድ ወይም በቡና ላይ አግኝታ ልትጠይቃት ትችላለች። መምህርነቷን የሚያጸናው ይህ ነው።

የእኒያን እናት ጥያቄ ይዘን ጤና ለሚማሩ ጓደኞቻችን አቅርበን ነበር። የመለሱልን ሁለቱም ጊዜያት የሚተዉ አለመሆናቸውን፥ በሳሙና ሆኖ በቀጭኑ ከወረደ ጥቂት ውሃ እንደሚበቃ፥ ለዚህም የሃይላንድ ዕቃ በስቶ ማንጠልጠል እንደሚረዳ ነው። ይህን በጓደኛችን አንደበት ስንነግራቸው፥ «ልጆቼ፥ ሃይላንዱንስ በስቼ ሰቅየዋለሁ፤ ሁለቱም አይተዉም ብላችሁ አሁን መልሳችሁልኛል። ሳሙናውን ግን ማን ይገዛልኛል?» አሉን። ለዚህ መልስ አልነበረንም። ቢሆንም አልተጨበጨበልንም፤ ታርመን ተመለስን።

በእኛ አስተያየት ከውጭም ሆነ ከዚሁ ከከተማው የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ተማሪ ሦስት ነገር ሊጠየቅ ይገባል። አንደኛ፥ ከእርሱ በፊት የመጣው ምን እንዳስተማረ ጠይቆ ከዚያ ይቀጥል። ሁለተኛ፥ የሠፈሩን ቋንቋ ካላወቀ ጥያቄን ሳያሳጥር የሚያስተረጕም ሰው ይያዝ፤ ጤናን ብቻውን ሳይሆን ከሠፈሩ የጤና ሠራተኛ ጋር ሆኖ፥ ከእርሷ ሥር ያስተምር። ሦስተኛ፥ ውጤቱን የሚመዝነው እርሱ ራሱ ሳይሆን የተማረው ሰው ይሁን፤ ይኸውም እርሱ ከሄደ በኋላና በሌለበት ነው።

ይህን አስተያየት ስናቀርብ ያየነው አንድ ሠፈር፥ የቈየንበትም ጊዜ አጭር መሆኑን አንዘነጋም። ስለዚህ መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን የተሳሳትነውን ያለ ይሉኝታ እንዲያርሙን እንለምናለን።