ከልብ ወለዱ ጎን የሚቀመጡት
የብርሃኑ ዘሪሁንን «የቴዎድሮስ ዕንባ» ለአርዲቦ ሐይቅ ዳር ልጆች ማስተማር መታደል ነው፤ መቅደላ እዚያው ደቡብ ወሎ ውስጥ ናት። ከሁሉ የማደንቀው ግን ልብ ወለዱን ብቻውን የማያስነብብ መምህርን ነው። የደብተራ ዘነብንና የአለቃ ወልደ ማርያምን ዜና መዋዕሎች ከጎኑ ያኖራል። ዘነብ ንጉሡን ያወድሳል፤ ትረካውም ከመቅደላ ውድቀት በፊት ይቆማል። ወልደ ማርያም እስከ ውድቀቷ ቀን፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ይዘልቃል፣ ይወቅሳልም። እንግሊዛዊው እስረኛ ሐኪም ብላንክም አምባው ላይ ያየውን ጽፏል፤ እሱን እንኳ ቂሙን እያሰቡ ማንበብ ነው።

እኔን የሚይዘኝ የወሎዋ ገዥ የወይዘሮ ወርቂት ታሪክ ነው። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወሎ ሲገቡ ወርቂት ተቀብለው አሳለፏቸው። አፄ ቴዎድሮስም በዚህ ተቆጥተው በእጃቸው የነበረውን የወርቂትን ልጅ አስገደሉ። ይህን ያወቀ ተማሪ ልብ ወለዱን ሲገልጥ ንጉሡን በአንድ ዓይን ብቻ አያያቸውም፤ «የእናቲቱስ ዕንባ?» ማለቱ አይቀርም።

የሐይቅና የአምባሰል ሽማግሎች ደግሞ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ይጨምሩበታል። ከዜና መዋዕሉ ጋር ባይገጥም ምን ይጎዳል? ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ክርክር ይወጣዋል።