ከመጽሐፉ የተነጠለ ሥዕል

ማንኛውም የጥበብ ሥራ ከተፈጠረበት ዘመን፣ ከሠራው እጅና አብሮት ከተጻፈው ቃል ጋር ሲታይ ይናገራል፤ ከነዚህ ሲነጠል ግን አንደበቱ ይዘጋል። ይህ ለመምህራንና ለኪነ ጥበብ ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ለሰብሳቢዎች የሚሸጡ ብርቅዬ መጻሕፍትና ጥንታዊ የኅትመት ሥዕሎች ሲነሱ የምንዘነጋው ሐቅ በመሆኑ፣ በዚህ ጽሑፍ አንድ ሥዕል ይዘን እንመረምረዋለን።

ሥዕሉ የኮሶ ሥዕል ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. በአገራችን ቆይቶ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1790 እ.ኤ.አ. በኤዲንብራ ባሳተመው የአምስት ቅጽ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ተውኔት የመድረክ ዕቃ ሳፈላልግ፣ ይህንኑ ሥዕል በአንድ መደብር ግድግዳ ላይ በመስተዋት ፍሬም ተሰቅሎ አየሁት። ቅጠሉ አረንጓዴ፣ የተንዠረገገው አበባ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ወደድኩት፤ ገዛሁት፤ በጽሕፈት ጠረጴዛዬ ፊት ለፊትም ሰቀልኩት።

ከወራት በኋላ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፉን አምስተኛ ቅጽ ከፈትኩ። ስለ ኮሶ የሚያትተው ጽሑፍ በቦታው አለ፤ ሥዕሉ ግን የለም። በጥራዙ ስፌት ላይ በምላጭ ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ ቀጭን የወረቀት ጉማጅ ብቻ ቀርቷል። በግድግዳዬ ላይ ያለው ከዚያ መጽሐፍ የወጣ ነው አልልም፤ የማረጋግጥበት መንገድ የለኝም። የጉዳዩ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ ለተቆረጠ ሥዕል ከየት እንደመጣ የሚመሰክርለት የለም።

የንግዱ አሠራር ምሥጢር አይደለም። አንድ አሮጌ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ ሲሸጥ ገዢው ጥቂት ነው፤ ካርታዎቹና ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ተቆርጠው ሲሸጡ ግን ገዢው ይበዛል፤ ድምሩም አንዳንድ ጊዜ ከሙሉው ዋጋ ይበልጣል። በመሆኑም ሽፋኑ የተገነጠለ ወይም ገጽ የጎደለው መጽሐፍ ሲገኝ ምላጩ ይመዘዛል። ጽሑፉ ይጣላል፤ ሥዕሉ ይሸጣል። ነጋዴዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ ጨርሶ ውኃ የማያነሳ ነው አይባልም፤ አምስቱን ቅጽ ሊገዛ የማይችል መምህር አንዱን ሥዕል ሊገዛ ይችላል፤ ቀድሞ ለፈረሰ መጽሐፍ ቅሪትም ፍሬም ከእሳት ይሻላል። ነገር ግን የቁራጩ ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር ያልፈረሰውም መጽሐፍ ለምላጭ ይታጫል። ገዢው የምላጩ ተባባሪ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ጉዳቱን ከሥነ ጥበብ አኳያ እንመልከት። የኮሶው ሥዕል በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ የታተመው በጥቁር ቀለም ብቻ ነው፤ አረንጓዴውና ቀዩ ለግድግዳ እንዲያምር ኋላ የተጨመሩ ናቸው። መስመሩ ጠንቃቃ ነው። ሆኖም ቅርንጫፉ በነጭ ወረቀት ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል እንጂ መሬት የለውም፤ ሕዝብ የለውም። ኮሶ ሕዝባችን ትልን ለማስወጣት የሚጠጣው መራራ መድኃኒት መሆኑን የሚነግረን ጽሑፉ ነው። ይህን የሕዝብ ዕውቀት የቀመሰው ብሩስ ዛፉን በእንግሊዛዊው ጆሴፍ ባንክስ ስም መጥራቱንም የምናውቀው ከዚያው ነው። ሥዕሉን ብቻ የያዘ ሰው መድኃኒቱንም ስያሜውንም አያገኝም፤ ጌጥ ብቻ ያገኛል።

ሌላም አለ። ከብሩስ ጋር የመጣው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰው ነበር፤ በጎንደር ሳለ ሞተ። ብሩስ ግን የባሉጋኒን ድርሻ ሸፍኖ ሥዕሎቹን የራሱ አስመሰለ፤ ወደ ግሽ ዓባይ አብሮት መሄዱንም ከትረካው አስቀረ። የባሉጋኒ የእጅ ሥዕሎች ዛሬ በአሜሪካ በዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። መጽሐፉን ሙሉ የያዘ ሐያሲ ቃሉን ከሥዕሎቹ አስተያይቶ ብሩስን ሊሞግት ይችላል። በ1805 እ.ኤ.አ. ወደ ትግራይ የመጣው ሄንሪ ሶልትም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የአክሱምን ሐውልት ራሱ ስሎ የብሩስ ሥዕል የተሳሳተ መሆኑን በጽሑፍ ተቸ። የሶልት የአክሱም ሥዕል እንግዲህ ክርክር ነው። ዛሬ ከጥራዙ ወጥቶ ሲሸጥ ግን ሐውልትና ዋርካ ያለበት ውብ ገጽታ ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ክርክሩ ከጽሑፉ ጋር ቀርቷል።

ይህ የባዕድ መጻሕፍት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐዘናችን በተወሰነ ነበር። ያው ምላጭ ግን ብራናችንንም ይቆርጣል። ከግዕዝ መጻሕፍት የተነጠሉ ባለሥዕል ቅጠሎች በውጭ አገር ገበያ አንድ በአንድ ይሸጣሉ። ጸሐፊውና አጽሐፊው ስማቸውን ያኖሩት ብዙውን ጊዜ በሌላ ቅጠል ላይ ነው፤ ሥዕሉ ሲሸጥ እነርሱ እንደ ባሉጋኒ ስም አልባ ይሆናሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። አዋጅ ግን ኬላን ይጠብቃል እንጂ የገዢን ዓይን አያርምም። ዓይንን ማረም የመምህሩና የሐያሲው ሥራ ነው።

ሥዕል መውደድ ጥፋት አይደለም። የብሩስ መጽሐፍ ዛሬ ሙሉውን በኢንተርኔት በነፃ ይነበባል፤ የትምህርት ቤት ግድግዳ ሥዕል ቢያሻው ከዚያ ላይ ማተም ይቻላል፤ ምላጭ አያስፈልግም። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎችም የጥራዞቻቸውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን በየጥራዙ ያሉትን ሥዕሎች ሊቆጥሩ ይገባል። እኔም ግለ ሂሴን በሥራ ለመግለጽ ፍሬሙን አውርጄ ከፈትኩት። በሥዕሉ ጀርባ የመጽሐፉን ስም፣ ቅጹንና ዓመተ ምሕረቱን፣ ከሥሩም የሉዊጂ ባሉጋኒን ስም በእርሳስ ጻፍኩ። ስለ ኮሶ የሚያትተውንም ጽሑፍ ቅጂ አጥፌ ከሥዕሉ ኋላ አኖርኩት። ያገኘሁበትን መደብርና የከፈልኩትን ዋጋም አልደበቅሁም፤ ነገ የሚረከበው ሰው የእኔንም ድርሻ ይወቅ።