ስለ «ጫን» እና ስለ «አራግፍ»፦ በኮምፒውተር ገበታ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የኮምፒውተርን ገበታ ከመተግበሪያዎች ክምችት አቃልሎ ለተጠቃሚው እንደሚመች ማደራጀት ተራ ተግባር ይመስላል። ይሁን እንጂ ትእዛዙ በአማርኛ ተጽፎ ሲቀርብ አንድ ቃል ያለቦታው ቢውል ተጠቃሚው ሊያነሣ ያሰበውን ትቶ ሊያቆየው የሚፈልገውን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ የቃል ውበት ብቻ ሳይሆን የሰው ሰነድና የሰው ድካም ጉዳይ ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ በዊንዶውስ፣ በአንድሮይድና በነጻ ሶፍትዌሮች የአማርኛ ትርጉም ውስጥ በሥራ ላይ ከዋሉት ስያሜዎች ጥቂቶቹን እንመረምራለን። መመዘኛችንም በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ፣ ማለትም በፋርጣ፣ በእስቴና በጋይንት የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ቃሉን ሲሰማ ምን ይገነዘባል የሚለው ጥያቄ ነው።

ለአዲስ ዕቃ ስም ማውጣት ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ገፋት በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ የተሠራው ትልቅ መድፍ «ሴባስቶፖል» ተባለ። ይህ ስም በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው ከተማ የመጣ የውጭ ስም ነው። የዕቃው ወገን ግን «መድፍ» መባሉን አልተወም፤ ይህም ቃል በአማርኛ የተለመደ የዕቃ ስም ነው። ከዚህ የምንረዳው የተጸውዖ ስምን ከውጭ መዋስ እንደማይጎዳ፣ ነገር ግን የሥራና የመሣሪያ ስሞች በቋንቋው ከተለመዱ ቃላት ቢወጡ እንደሚሻል ነው።

ሀ) ጭነትና ማራገፍ። አንድን ፕሮግራም በኮምፒውተር ላይ ማኖር «መጫን»፣ ማስወጣት ደግሞ «ማራገፍ» ተብሏል። በእኛ አስተያየት ከተርጓሚዎች ሥራ ሁሉ የተሳካው ይህ ጥንድ ነው። አህያና በቅሎ ጭኖ ገበያ በሚወርድ ሕዝብ ዘንድ ሁለቱ ግሶች የማይነጣጠሉ ናቸው፤ ጭነት የሚታሰርበት ጠፍርም «መጫኛ» ስለሚባል፣ ለመጫኛ ፕሮግራም የተሰጠው ስም ዱሮውንም በቤት የነበረ ነው።

ሆኖም አንድ ከባድ እንከን አለ። «ጫነ» እና «ተጫነ» በአክብሮት ትእዛዝ ሲነገሩ ሁለቱም «ይጫኑ» ተብለው ይጻፋሉ። በንግግር የሁለተኛው «ጫ» ስለሚጠብቅ ልዩነቱ ይሰማል፤ ፊደላችን ግን ማጥበቅን አያመለክትም። ስለሆነም «መተግበሪያውን ይጫኑ» የሚለው ዐረፍተ ነገር «በኮምፒውተርዎ ላይ ያኑሩት» ማለት ይሁን «በጣትዎ ይንኩት» ማለት ይሁን ከጽሑፉ አይታወቅም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ «መጫን» ለማኖር ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ለሌላው «ይንኩ» ወይም «ጠቅ ያድርጉ» ይበቃል።

ለ) ማጽዳት። ገበታን ከብዛት ማቅለልን ብዙ ሰው «ማጽዳት» ይለዋል። በዕለት ንግግር ነውር የለበትም። በአንድሮይድ ግን «ውሂብ አጽዳ» የሚለው ትእዛዝ መተግበሪያው ያጠራቀመውን ሁሉ ይደመስሳል። ገበታውን «ሊያጸዳ» የተነሣ ጸሐፊ ይህን ቃል ሲያገኝ የፈለገው እንደተገኘለት ቢቆጥር አይፈረድበትም፤ የሚደርስበት ጉዳት ግን የቃሉ ጥፋት ነው። «ግሳንግስ ማስወገድ» የሚለውም ቢሆን የሚነሣውን ሁሉ አስቀድሞ ስለሚያጣጥል ለሙያዊ ቃልነት አይስማማም። እኛ ለጠቅላላው ተግባር «ጓዝ ማቃለል» የሚለውን እናቀርባለን። ይህ ከጭነትና ከማራገፍ ጋር ዘመድ ሲሆን፣ ጓዙ በምን መንገድ እንደሚቃለል ግን አስቀድሞ አይወስንም።

በዚህ ጠቅላላ ስም ሥር አራት ተግባሮች ሊለዩ ይገባል፦ ምስሉን ከገበታው ላይ ብቻ ማንሣት፣ ከዐይን መደበቅ፣ መተግበሪያው ሳይወጣ ሥራ እንዲያቆም ማድረግ፣ ጨርሶ ማራገፍ። ለሦስተኛው «አሰናክል» መባሉን አንደግፍም። የድጓ ትምህርት በጸናበት በጋይንቱ ቤተልሔም አካባቢ ላደገ ሰው «ማሰናከል» ሌላውን ለመውደቅ መዳረግ፣ ከመልካም መንገድ ማሳት ነው። በቦታው «አሳርፍ» ቢባል የተሻለ ይመስለናል፤ ያረፈ አጋሰስ ከቤት አልወጣም፣ ሥራም አይሠራም፣ ሲፈለግም ይጫናል።

ሐ) የማስጀመሪያው ስም። መተግበሪያዎች የሚደረደሩበትንና የሚከፈቱበትን ፕሮግራም «አስጀማሪ» ማለት የአድራጊን ቅርጽ ለመሣሪያ መስጠት ነው፤ ሩጫ የሚያስጀምር ሰው አስጀማሪ ነው፣ መሣሪያው ግን «ማስጀመሪያ» ይባላል። «መተግበሪያ» ራሱ በዚሁ በመሣሪያ ስም ቅርጽ የተሠራ ስለሆነ ሁለቱ ተስማምተው ይሄዳሉ። ተጠቃሚው በዐይኑ የሚያየውን ሰሌዳ ግን «መደርደሪያ» ብንለው ይሻላል፤ ሰው በዚያ የሚሠራው ሥራ መደርደር ነውና። ከዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከመደርደሪያ ዕቃ «ይወርዳል»፤ «አውርድ» የሚለው ቃል ግን ከመረብ ላይ ለማምጣት አስቀድሞ ተይዟል። «ከመደርደሪያ አውርድ» ብንል የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው አንዱን ስናቀና ሌላውን እናበላሻለን። ስለዚህ «ከመደርደሪያ አንሣ» ይባል።

መ) አሞሌ። «የሁኔታ አሞሌ»፣ «የአሰሳ አሞሌ» እና የመሳሰሉት ስያሜዎች ዱሮ እንደ ገንዘብ ይሠራበት ከነበረው የጨው አሞሌ ቅርጽ የተወሰዱ ናቸው። አንዳንዶች ቃሉ ያረጀ ነው ብለው ይነቅፋሉ። በእኛ በኩል ቅርጹ ረዘም ያለ፣ ወርዱም የተመጠነ በመሆኑ ምስሉ ልክ ነው እንላለን። ወጣቱ አሞሌ ጨው ባያውቅም ቃሉን ከኮምፒውተሩ ይማረዋል፤ ሊጠፋ የተቃረበ ቃል በዚህ መንገድ ዕድሜ ቢያገኝ ማን ይጎዳል?

ሠ) የትእዛዝ አነጋገር። «አብጅ»፣ «ሰካ»፣ «ደብቅ» የሚሉት ሁሉ ለአንድ ወንድ የሚነገሩ ናቸው። በደጋው ሥነ ሥርዓት አንድ ቄስ ወይም አንዲት እመቤት በአንተነት አይታዘዙም። እዚህ ላይ ግን ተናጋሪው ማን እንደሆነ መለየት ይገባል። በአዝራር ላይ ያለው ቃል ሰው ለማሽኑ የሚሰጠው ትእዛዝ ስለሆነ «አራግፍ» ማለት ነውር የለበትም። ማሽኑ ለሰው በሚናገርበት ጽሑፍ ግን «እርስዎ» ግዴታ ነው። ስለዚህ በአዝራሩ ላይ «አብጅ»፣ በመግለጫው ላይ «እንደሚመችዎ ያብጁ» ይባል። አሁን ባሉት ትርጉሞች ሁለቱ ተደበላልቀው ይገኛሉ፤ ይህም ተርጓሚው የእያንዳንዱን ቃል ተናጋሪ ሳያውቅ ከተነጠለ ዝርዝር ላይ የመተርጎሙ ውጤት ነው።

በአጠቃላይ የተመለከትናቸው ስያሜዎች በአብዛኛው ከቋንቋው ባሕርይ የወጡ ናቸው፤ ተርጓሚዎቹም ምስጋና ይገባቸዋል። የጎደለው ነገር ቃልን ከጎረቤቱ ጋር ማገናዘብ ነው። «አጽዳ» ብቻውን ሲታይ ስሕተት የለበትም፤ ስሕተቱ የሚታየው «አንሣ»፣ «አሳርፍ» እና «አራግፍ» ከአጠገቡ ሲቆሙ ነው። ስለሆነም ስያሜዎች ወደፊት በፊደል ተራ ሳይሆን ተጠቃሚው አንድን ሥራ ሲሠራ በሚያገኛቸው ቅደም ተከተል በአንድነት ተዘርዝረው ቢመረመሩ፣ ከዚያም በፊት በደብረ ታቦር ገበያ ለሚጭንና ለሚያራግፍ ሰው ተነበው ቢፈተኑ፣ የሚገኘው ጥቅም ከፍ ያለ ይሆናል ብለን እናምናለን።